ፊደሉ ይጓዛል፥ ቅርጹ አይጓዝም፤ የአር.ኤን.ኤ. አጣጣፍ በሕዋስ ክፍሎች ውስጥ



በሐድያና በከምባታ ምድር አንድ እንሰት ከጓሮ ሲነቀል፥ ከአንዱ ተክል ብዙ ነገር ይወጣል። ሐሰተኛ ግንዱ ተፍቆ ከተብላላ በኋላ ቆጮ ይሆናል፤ ከተፋቀው ተጨምቆ የወረደው ውሃ ሲረጋ ቡላ ይሰጣል፤ ከመሬት ሥር ያለው አሚቾ ተቀቅሎ ይበላል፤ ከፍቂው የሚተርፈው ጭረት ቃጫ ሆኖ ለገመድ ይውላል። አንድ ሰው ቅጠሉንም፥ ግንዱንም፥ አሚቾውንም በአንድ ሙቀጫ ወቅጦ «የእንሰት ጣዕም ይህ ነው» ቢል፥ ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረች እናት የምትሰጠው መልስ አይጠፋም። የወቀጠው በእርግጥ እንሰት ነው፤ የቀመሰው ግን በማንም ማዕድ ላይ የማይቀርብ ነገር ነው።

ሕዋስን የሚመለከተው ምርምርም ለረጅም ጊዜ ሲካሄድ የቆየው ከዚህ የሙቀጫ አሠራር ብዙም ባልራቀ መንገድ ነበር። ሕዋሱ ይፈጫል፤ በውስጡ የነበረው አር.ኤን.ኤ. በአንድነት ይጠራቀማል፤ ከዚያም ቅርጹ ይለካል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ውጤት የአማካይ ውጤት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ አንዱ የአር.ኤን.ኤ. ክር በተለያዩ የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ የተለያየ ቅርጽ የሚይዝ መሆኑንና ይህም እንዴት እንደታወቀ መግለጽ፥ ቀጥሎም ነገሩ በእንሰት ለሚኖር አካባቢና በዚያ ለሚሠሩ መሐንዲሶች ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደሚያመጣ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ ስለ ነገሩ መሠረት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የማንኛውም ተክል ወይም እንስሳ የዘር መመሪያ የተጻፈው ዲ.ኤን.ኤ. በሚባለው ረጅም ጥንድ ክር ላይ ሲሆን፥ አብዛኛው በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሕዋሱ አንድ ፕሮቲን መሥራት ሲያስፈልገው ከዚህ ታላቅ መዝገብ የሚፈልገውን ገጽ ብቻ ገልብጦ ያወጣል። ቅጂው አር.ኤን.ኤ. ይባላል። በአስኳሉ ውስጥ ሳለ ይታረማል፤ የማያስፈልገው ቁራጭ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ተቀጥሎ ከአስኳሉ ውጭ ወደሚገኘው ሳይቶፕላዝም ይላካል። በዚያም ራይቦዞም የሚባሉት የፕሮቲን ማምረቻዎች ቅጂውን እያነበቡ ፕሮቲኑን ይሠራሉ።

ዲ.ኤን.ኤ. ጥንድ ክር በመሆኑ የአንዱ ክር ፊደሎች ከጓደኛው ክር ፊደሎች ጋር ተጋጥመው ጸንተዋል። አር.ኤን.ኤ. ግን በአብዛኛው ነጠላ ክር ነው። አራቱ ፊደሎቹ አዴኒን፥ ጉዋኒን፥ ሳይቶሲንና ዩራሲል ናቸው። አዴኒን ከዩራሲል፥ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር ይጋጠማሉ፤ ጉዋኒንና ዩራሲልም ላላ ባለ ሁኔታ ሊጋጠሙ ይችላሉ። ስለዚህ ጓደኛ ክር የሌለው አር.ኤን.ኤ. በራሱ ላይ ይታጠፋል፤ አንዱ ወገኑ ከሌላው ወገኑ ጋር ተጋጥሞ ዘንግ ይሠራል፤ ያልተጋጠመው ክፍል ቀለበት ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ሆሊና ባልደረቦቹ ከእርሾ የወጣውን 77 ፊደል ያለውን አንድ አነስተኛ አር.ኤን.ኤ. ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡት፤ ክሩም ሲታጠፍ የማገጥ ቅጠል ሊመስል እንደሚችል ታየ። ሆሊ በ1968 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በ1974 ደግሞ የዚሁ ዓይነት አር.ኤን.ኤ. ሙሉ ቅርጽ በኤክስሬይ ጥናት ተገለጠ።

ይህ አጣጣፍ ለመልክ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሥራ አለው። ጠንክሮ የተጋጠመ ዘንግ የራይቦዞሙን ጉዞ ያዘገያል፤ የተከፈተ ቀለበት ለሌሎች ፕሮቲኖች ማረፊያ ይሆናል፤ የመቁረጫው ቦታ በእጥፋት ውስጥ ከተሸሸገ ቅጂው በትክክል ላይታረም ይችላል። ስለዚህ አንድ አር.ኤን.ኤ. ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ፊደሉን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ እንዴት እንደታጠፈ ማወቅም ያሻል።

ችግሩ የሚጀምረው ቅርጹን ለመለካት ሲሞከር ነው። የመሠረት ሥራ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ችግር ከሙያው ያውቀዋል። ሕንፃ የሚያርፍበትን አፈር በአካፋ ዝቆ፥ በከረጢት ሞልቶ ወደ ቤተ ሙከራ ቢወስደው፥ የአፈሩን ዓይነትና የቅንጣቱን መጠን ሊያውቅ ይችላል፤ መሬቱ በቦታው ሳለ የነበረውን ጥንካሬ ግን አያገኘውም። ጥንካሬው በቅንጣቶቹ አቀማመጥ፥ በላዩ ባለው ክብደትና በያዘው ውሃ የሚወሰን ስለሆነ፥ አፈሩ ሲዛቅ አብሮ ይጠፋል። ያልተረበሸ ናሙና የሚወሰደው ወይም መሬቱ እዚያው በቦታው የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው። አር.ኤን.ኤ.ም እንዲሁ ነው። ከሕዋሱ ወጥቶ፥ ከፕሮቲኖቹ ተለይቶ፥ በብልቃጥ ውስጥ እንደገና ሲታጠፍ ፊደሉ ያው ነው፤ ቅርጹ ግን የብልቃጡ ቅርጽ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብተው ምልክት በሚጥሉ ኬሚካሎች ነው። ዳይሜቲል ሰልፌት የሚባለው ኬሚካል ወደ ሕዋሱ ዘልቆ ባልተጋጠሙ አዴኒንና ሳይቶሲን ፊደሎች ላይ ይለጠፋል፤ የተጋጠሙትን ያልፋቸዋል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ቢፈጭም ምልክቱ በክሩ ላይ ስለሚቀር፥ አር.ኤን.ኤ.ው በኢንዛይም ተገልብጦ ሲነበብ ምልክት ያለበት ቦታ በመቋረጥ ወይም በስሕተት ይታወቃል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ወጡ። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሊያንግ ዲንግና ባልደረቦቿ ከጎመን ወገን በሆነችው በአራቢዶፕሲስ ተክል ላይ በሺህ የሚቆጠሩ አር.ኤን.ኤ.ዎችን ቅርጽ በሕያው ተክል ውስጥ ለኩ። በዚያው ዓመት ሲልቪ ሩስኪን፥ ጆናታን ዋይስማንና ባልደረቦቻቸው በእርሾ ላይ ባደረጉት ጥናት፥ መልእክተኛው አር.ኤን.ኤ. በሕያው ሕዋስ ውስጥ በብልቃጥ ውስጥ ካለው ይልቅ የተፈታ ሆኖ አገኙት። የሕዋሱ ኃይል እንዲያልቅ ሲደረግ ደግሞ ክሩ መልሶ መታጠፍ ጀመረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሕዋሱ ኃይል እያወጣ ክሩን ይፈታዋል፤ የብልቃጡ ቅርጽ ሥራ የቆመበት ሕዋስ ቅርጽ ነው።

ሆኖም እነዚህ ጥናቶች ቅርጹን የለኩት ሕዋሱን በሙሉ እንደ አንድ ክፍል ቆጥረው ነበር። ሙቀጫው ተሻሻለ እንጂ አልቀረም ማለት ይቻላል። ቀጣዩ እርምጃ አስቀድሞ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ምልክት መጣል፥ ኋላም ሕዋሱን በየክፍሉ መለየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በቤጂንግ በሚገኘው በጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ የዣንግ ቺያንግፌንግ ቤተ ሙከራ በሰውና በአይጥ ሕዋሶች ላይ ይህን ሥራ ፈጽሞ ውጤቱን አሳተመ። ሕዋሱ በሦስት ተለየ፤ አር.ኤን.ኤ. ገና በሚገለበጥበት ዲ.ኤን.ኤ. በተጠቀለለበት በክሮማቲን፥ በተቀረው የአስኳል ፈሳሽና በሳይቶፕላዝም። ለእያንዳንዱም ካርታ ተሠራለት። ካርታዎቹ ሲነጻጸሩ የአንዱ አር.ኤን.ኤ. አንዳንድ ክፍሎች ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄዱ ቅርጻቸውን ሲለውጡ ታዩ፤ የቅርጹም ለውጥ ከመገልበጡ፥ ከፕሮቲን አሠራሩና ከክሩ መበስበስ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ።

አንድ ክር በየክፍሉ ቅርጹን የሚለውጥባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። አንደኛ፥ በክሮማቲን ላይ ያለው ክር ገና በመወለድ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ጫፍ የመጨረሻው ጫፍ ሳይመጣ በፊት መታጠፍ ስለሚጀምር፥ ሙሉ ክር ቢሆን የማይኖረውን ቅርጽ ለጊዜው ይይዛል። ሁለተኛ፥ በአስኳሉ ውስጥ ክሩን የሚቆርጡና የሚቀጥሉ ፕሮቲኖች ይሰፍሩበታል፤ በሳይቶፕላዝም ግን የሚሰፍሩበት ብዙዎቹ ሌሎች ናቸው። ሦስተኛ፥ በሳይቶፕላዝም ራይቦዞም በላዩ እየተጓዘ እጥፋቱን ይከፍታል። አራተኛ፥ በአንዳንድ አዴኒን ፊደሎች ላይ የሚጨመር ትንሽ ኬሚካዊ ምልክት ግጥሚያውን ያላላል። አምስተኛ፥ ሄሊኬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች በኃይል ዘንጎችን ይፈታሉ። በተክል ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ክሎሮፕላስትና ማይቶኮንድሪያ የራሳቸው ዲ.ኤን.ኤ.፥ የራሳቸው አር.ኤን.ኤ.ና የራሳቸው ራይቦዞም ስላላቸው ለብቻቸው የሚታዩ ክፍሎች ናቸው።

ይህ ሁሉ በእንስሳ ሕዋስ ብቻ የሚታይ እንዳልሆነ ቆይቶ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር በጆን ኢነስ ማእከል የይሊያንግ ዲንግ ቡድን የአራቢዶፕሲስን አስኳሎች ብቻ ለይቶ በውስጣቸው ያለውን አር.ኤን.ኤ. ቅርጽ ለካ። ውጤቱም በመቁረጫው ቦታ አጠገብ ያሉ ፊደሎች ተጋጥመው ወይም ሳይጋጠሙ መገኘታቸው ቅጂው በትክክል መታረምና አለመታረሙን እንደሚነካ አሳየ። እነዚያ የሚቆረጡት ክፍሎች ሳይቶፕላዝም ሳይደርሱ ተወግደው ስለሚቀሩ፥ ሕዋሱን በጅምላ የሚለካ ዘዴ ይህን ነገር በቀላሉ አያገኘውም ነበር።

ከሕዋሱ ውጭ ያለው ቦታም ከሕዋሱ ውስጥ ካለው ክፍል ባልተናነሰ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት በአራቢዶፕሲስ ውስጥ አንድ የእድገት ተቆጣጣሪ ፕሮቲን መልእክት በመነሻው አጠገብ እጥፋት እንዳለው ታወቀ። የቀኑ ሙቀት ከ17 ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወጣ እጥፋቱ ይላላል፤ ፕሮቲኑም በብዛት ይመረታል። መልእክቱ ራሱ ቴርሞሜትር ሆነ ማለት ነው። ይህን የሚሰማ የሆሳዕና ሰው የሚያስበው ነገር ይኖራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርድ ገበሬ በአንድ ቀን ጉዞ የአሥር ዲግሪን ልዩነት ያውቀዋል። አንዱ የእንሰት ዓይነት በሐምበሪቾ ተራራ ግርጌና በዝቅተኛው ሜዳ ሲተከል ዘሩ አንድ ነው፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው የመልእክት አጣጣፍ ግን አንድ ይሆናል ብሎ አስቀድሞ መፍረድ አይቻልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ጉዳይ በሽታ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በኢትዮጵያ ከተገኘ እንሰት ባክቴሪያውን ለይተው ለሳይንስ ዓለም አስታወቁ። ይኸው ባክቴሪያ በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኝቶ በምሥራቅ አፍሪካ ተስፋፋ። በሽታው በተበከለ ቢላዋና መሣሪያ ከተክል ወደ ተክል ይሻገራል፤ የያዘው ተክል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥም ቢጫ መግል መሳይ ፈሳሽ ያወጣል። እንሰት ለማድረስ ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅ፥ አንድ ጓሮ ሲጠፋ የሚጠፋው የአንድ ዓመት ምርት ሳይሆን የቤተ ሰቡ የዓመታት ስንቅ ነው። በሐድያ፥ በከምባታና በአጎራባች አገሮች ለሚሊዮኖች ቀለብ የሆነ ተክል በመሆኑ ነገሩ የአንድ ጓሮ ጣጣ ሆኖ አያበቃም። በሌላ በኩል ማዚያ የሚባለው የእንሰት ዓይነት ሌሎቹን ያህል ፈጥኖ እንደማይጠቃ በተደረጉት ሙከራዎች ተመዝግቧል። አንዱ ለምን ይቋቋማል፥ ሌላው ለምን ይወድቃል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከሕዋሱ ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመጀመሪያው የእንሰት የዘር መዝገብ ንባብ መጠኑን ወደ 547 ሚሊዮን ፊደል ገምቶታል። በ2018 ደግሞ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የ17 የእንሰት ናሙናዎችን ንባብ አሳተሙ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ዲ.ኤን.ኤ. ጽኑ ስለሆነ ቅጠሉ ደርቆ ባሕር ተሻግሮ ቢሄድም ፊደሉ አይለወጥም፤ የትም አገር ቢነበብ ያው ነው። መከላከያው እንዴት እንደሚነሣ የሚናገረው ግን ፊደሉ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሺንኒየን ዶንግ ቤተ ሙከራ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ይህን በጉልህ ያሳያል። በአራቢዶፕሲስ ውስጥ በብዙ መልእክቶች ላይ፥ ከዋናው መነሻ አስቀድሞ ከሚገኝ ሌላ መነሻ ቀጥሎ እጥፋት አለ። በሰላም ጊዜ እጥፋቱ ራይቦዞሙን ያዘገየዋል፤ ራይቦዞሙም በአስቀዳሚው መነሻ ሥራውን ስለሚጀምር ዋናው የመከላከያ ፕሮቲን በብዛት አይመረትም። ተክሉ የባክቴሪያ ምልክት ሲሰማ ሄሊኬዞች እጥፋቱን ይፈቱታል፤ ራይቦዞሙ አልፎ ይሄዳል፤ መከላከያውም ይመረታል። የመልእክቱ አንድም ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው። ይህም የሆነው በተወሰነ ቦታና በተወሰነ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ከላይ የተነገሩት ካርታዎች የተሠሩት በሰው፥ በአይጥ፥ በእርሾና በአራቢዶፕሲስ ነው። ከእነዚህ የተገኘው ደንብ ለእንሰት መንገድ ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን ለእንሰት አይገለበጥም። ማዚያና በቀላሉ የሚጠቃው ሌላ ዓይነት ጎን ለጎን ተተክለው፥ ባክቴሪያው ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ፥ በአስኳልም በሳይቶፕላዝምም ተለይተው ቢለኩ፥ የሚቋቋመውን ዓይነት ለማራባት ወይም ለማሻሻል ለሚደክሙ ሰዎች አዲስ መመሪያ ሊገኝ ይችላል። የእንሰቱ ዓይነቶች በየስማቸው የሚታወቁት፥ በሽታውም ያለው በእነዚህ አገሮች ጓሮ ውስጥ ነው። ምልክቱ በሕያው ተክል ላይ መጣል ስላለበት፥ የሥራው የመጀመሪያ ግማሽ ተክሉ ባለበት መሠራት አለበት። ፊደሉ በፖስታ ሊላክ ይችላል፤ ቅርጹ ግን ምልክቱ ሳይጣልበት አይላክም።

በዚህ ነጥብ ላይ ነገሩ ከባዮሎጂ ባለሙያው እጅ ወደ መሐንዲሱ እጅ ይሻገራል። አር.ኤን.ኤ. በቀላሉ የሚበጠስ ነገር ነው፤ የሚበጥሱት ኢንዛይሞች በእጅ ላይ፥ በአቧራና በራሱ በተክሉ ውስጥ ስለሚገኙ፥ ናሙናው እንደተወሰደ በፈሳሽ ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል፥ ከዚያም በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። አስኳልን ለመለየት የቀዘቀዘ የማሽከርከሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዳይሜቲል ሰልፌት መርዘኛ ስለሆነ አየሩን ወደ ውጭ በሚስብ ካቢኔት ውስጥ ካልሆነ አይነካም። እነዚህ ሁሉ የመብራት፥ የማቀዝቀዣ፥ የአየር ማስወጫና የንጹሕ ውሃ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ከዚህ ማኅበር አባላት ይጠበቃል።

ከፍታውም ሊረሳ አይገባም። በሳሳ አየር የማቀዝቀዣው ሙቀት አስወጋጅ እንደ ባሕር ዳርቻ አይሠራም፤ የመጠባበቂያው ጄኔሬተርም የተጻፈለትን ኃይል በሙሉ አይሰጥም። ዕቃ በእንፋሎት የሚጸዳበት አውቶክሌቭ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በባሕር ወለል ጌጁ 103 ኪሎፓስካል ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። በ2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የውጭው አየር ግፊት ወደ 78 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ፥ ያው ጌጅ ያንኑ ቁጥር ሲያሳይ ውስጡ ወደ 117 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የለወጠው ቦታው ነው። መሣሪያ በሚታዘዝበት ጊዜ ከፍታው ካልተጻፈ፥ ተመራማሪው ንጹሕ ነው ብሎ የያዘው ዕቃ ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

ሆሳዕና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላትና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት፤ ዱራሜም የዚሁ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት። ሥራው በአንድ ጊዜ ይሙላ ማለት ከንቱ ተስፋ ነው፤ በደረጃ ሊከፈል ግን ይችላል። ምልክት መጣል፥ ማቀዝቀዝና አስኳልን መለየት እዚሁ ሊሠራ ይገባዋል፤ ፊደሉን የሚያነበው ውድ መሣሪያ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ቢሆን የሚጎዳው ነገር የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ መብራት ያለው አንድ ክፍል፥ በትክክል የተተከለ የአየር ማስወጫ ካቢኔት፥ ለከፍታው ተስማምቶ የታዘዘ ማቀዝቀዣ፥ እነዚህንም የሚጠግን የሠለጠነ ቴክኒሽያን ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና ጋርም የጓሮው ከፍታ፥ የቀኑ ሙቀት፥ የተወሰደበት ሰዓትና የእንሰቱ አገራዊ ስም ይመዝገብ። ይህ መዝገብ ከሌለ ካርታው ቢሠራ እንኳ የማን ካርታ እንደሆነ አይታወቅም።

በሐድያም ሆነ በከምባታ እንሰት የምትፍቅ እናት ከየትኛው ክፍል ምን እንደሚገኝ ታውቃለች፤ ክፍሎቹንም አትቀላቅልም። ሳይንስ በሕዋስ ደረጃ ወደዚሁ ጥንቃቄ የደረሰው በቅርብ ዓመታት ነው። ይህን ጥንቃቄ ይዞ እንሰቱ በቆመበት ስፍራ ለመለካት የሚያበቃ ቤት መሥራት የዚህ አካባቢ መሐንዲሶች ድርሻ ነው። አጠውልግ በሽታ ጓሮ እያቋረጠ ሲሄድ፥ የሚጠበቀው ክፍል ከበሽታው ቀድሞ መገኘት ይኖርበታል።